ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ (1887 – 1939 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ባለቅኔ፣ የተውኔትና የመዝሙር ደራሲ እንዲሁም መምህር ነበሩ። የተወለዱት በጎጃም ደብረ ኤልያስ ሲሆን የተማሩትም በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከቅኔ ማኅሌት የወረሱትን የዜማና የግጥም ጥበብ ወደ ተማሪ ቤት መድረክ አውጥተው፣ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ሥር እንዲይዝ ካደረጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲዘመር የኖረው የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእርሳቸው ሥራ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የትውልድ አካባቢ

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ፣ በጎጃም ደጋ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታ ነው። ዮፍታሔ በተወለዱበት በ1887 ዓ.ም. ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ መቀመጫቸውም ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ነበረች። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው ዮፍታሔ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1888 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዘመን ጎጃም በቅኔ ትምህርት ከፍተኛ ስም ነበረው። ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ የሚነሡ ተማሪዎች ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅንና ደብረ ኤልያስን እየፈለጉ ይመጡ ነበር። ተማሪዎቹ በጎጆ እየኖሩ፣ ከመንደር ቁራሽ እየለመኑ፣ ሌሊት በመምህራቸው ዙሪያ ተሰብስበው ይማራሉ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ የጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ናቸው፤ በልቦለዳቸው ውስጥ የቅኔ ተማሪን ሕይወት አስፍተው የገለጹት ከሚያውቁት ተነሥተው ነው። የዮፍታሔንም የመጀመሪያ ዓመታት ለመረዳት ይህን ዓለም ማወቅ ያስፈልጋል።

የቤተ ክህነት ትምህርት

የቤተ ክህነት ትምህርት በንባብ ቤት ይጀምራል፤ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት ይከተላሉ። ዮፍታሔ በትውልድ አካባቢያቸው በዚህ መንገድ ተምረው በቅኔ ጥበባቸው ታወቁ።

በዜማ ቤት የሚሰጠው ትምህርት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ በሚነገርለት በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይከፈላል። አቋቋም በሚባለው ክፍል ደግሞ ተማሪው ዜማውን ከሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ማዋሐድ ይማራል። ከበሮው ከወፍራም ግንድ ተቦርቡሮ፣ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ ተወጥሮበት የሚሠራ ነው፤ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰጣል።

አንድ ዜማ በማኅሌት ላይ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይዜማል፤ ይህም ቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ እየተዘመመ ይባላል። ከዚያ በጸናጽልና በዝግታ በሚመታ ከበሮ መረግድ ይሆናል፣ በመጨረሻም ከበሮው ፈጥኖ ጸፋት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከበሮ መቺው የዜማው ፍጥነት መሪ ነው። መቼ ዝግ እንደሚል፣ መቼ እንደሚያፋጥንና መቼ ዝም እንደሚያሰኝ ማወቅ አለበት፤ እርሱ ከተሳሳተ ማኅሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ዮፍታሔ የሚታወቁበት የቀኝ ጌታ ማዕረግም ከዚሁ ሥርዓት የመጣ ነው። ደብተሮች በቅኔ ማኅሌት ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። የሁሉ አለቃ መሪጌታ ሲሆን፣ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። ማዕረጉ እንግዲህ የክብር ስም ብቻ ሳይሆን የሥራ ስምም ነው፤ ብዙ ሰዎችን በአንድ ዜማና በአንድ እርምጃ ማስኬድ የሚችል ሰው የሚሾምበት ነው።

ቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ልማድ ያስተምራል። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ባለው ዘአምላኪየ በኩል ወጥቶ፣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ግጥም መቁጠር አለበት። ቅኔ በሰምና በወርቅ ይሠራል፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም ሲሆን የተሸሸገው ፍሬ ነገር ወርቁ ነው። ከሁሉ በላይ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ቅኔ ለዕለቱ ይቆጠራል፣ አንድ ጊዜ ይነገራል፣ ያልያዘው አድማጭ ያመልጠዋል። ይህ ልማድ የባለቅኔውን አእምሮ ያሰላል፤ የጻፈውን ሰብስቦ የማስቀመጥን ልምድ ግን አያስተምርም። የዮፍታሔ ሥራዎች በኋላ የገጠማቸው ዕጣ ከዚህ ጋር የሚገናኝ ነው።

በአዲስ አበባ

ዮፍታሔ በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ለተማሩ ካህናት አዲስ ዓይነት ሥራ መስጠት ጀምራ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የውጭ ቋንቋ ለማስተማር የውጭ አገር ሰዎችን ሲቀጥሩ፣ አማርኛና ግዕዝ ለማስተማር ከየገዳሙና ከየአድባራቱ የመጡ ሊቃውንትን ይፈልጉ ነበር።

ዮፍታሔ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። ያስተማሩት ቋንቋ ብቻ አልነበረም። ለተማሪዎቻቸው መዝሙር ይደርሱላቸው፣ ተውኔት ጽፈው ያስጠኗቸውና በበዓላት ቀን ለሕዝብ እንዲያሳዩ ያዘጋጇቸው ነበር። በዘመኑ የቴአትር ቤት ድርጅትም ሆነ በሙያው የሠለጠነ አዘጋጅ ስላልነበረ፣ ደራሲው ራሱ የተዋናዮች መራጭ፣ የዜማ አስጠኚና የመድረክ መሪ መሆን ነበረበት። የሴት ገጸ ባሕርያትንም የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

ሥራው ከባድ የነበረው በመሣሪያና በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ኅብረተሰቡ አዝማሪን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ነበር፤ በሕዝብ ፊት ዘፍኖና ተውኖ መታየት ለቤተሰብ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተከበረ ቢሆንም ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ለሌላ ጉዳይ እንዲውል አይጠበቅም። አንድ የቀኝ ጌታ ማዕረግ ያለው የቤተ ክህነት ሰው ተማሪዎችን ይዞ መድረክ ላይ መውጣቱ በሁለቱ መካከል የነበረውን አጥር የሚነካ እርምጃ ነበር። ዮፍታሔ በሥራቸው ያሳዩት መድረክ ምግባርን፣ ትምህርትንና የአገር ፍቅርን ማስተማሪያ ሊሆን እንደሚችል ነው። የአንዱ ተውኔታቸው ርዕስ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» መሆኑ ይህን አቋም ባጭሩ ይገልጸዋል።

የቴአትር ሥራ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው ይህ ተውኔት በእንስሳት ምሳሌ መንግሥቱን ይተች ስለነበር ታገደ። ከዚያ በኋላ ቴአትር እንደገና የተነሣው በ1920ዎቹ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ናቸው። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩና የአውሮፓን ቴአትር ያዩ ሰው ነበሩ። ዮፍታሔ ግን የመጡት ከአገር ውስጥ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ የጻፉት ተውኔት መልኩም ለዛውም ሌላ ሆነ።

ከተውኔቶቻቸው መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

– ጥቅም ያለበት ጨዋታ
– ምስክር
– የሆድ አምላክ ቅጣት
– ያማረ ምላሽ
– ዕርበተ ፀሐይ
– አፋጀሽኝ

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ግጥምና ዜማ ትልቅ ቦታ አላቸው። ንግግሩ በስድ ንባብ ብቻ አይሄድም፤ ግጥም ይገባበታል፣ መዝሙር ይከተለዋል። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ግለሰብ ሳይሆን እንደ አንድ ሐሳብ ምሳሌ ይቆማሉ፤ ስማቸውም ራሱ ትርጉም ይይዛል። ይህ ከቅኔው ሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል። ተመልካቹ መድረኩ ላይ የሚያየው ታሪክ ሰሙ ሲሆን፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ሹማምንቱ ወይም ስለ ራሱ የሚያስበው ነገር ወርቁ ነው። በአንድ በኩል ይህ አጻጻፍ ለአገሩ ተመልካች እንግዳ አልሆነበትም፤ ሰምና ወርቅ መፈልቀቅን በቅኔውም በአዝማሪውም ለምዷል። በሌላ በኩል ደግሞ በግልጽ ሊነገር የማይችለውን ለማለት መንገድ ሰጠ።

ብሔራዊ መዝሙር

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችን አግኝተው ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። «አርባ ልጆች» በመባል የታወቁት እነዚህ ወጣቶች የነጋሪት፣ የመለከትና የእምቢልታ ባህል በነበረው ቤተ መንግሥት ውስጥ በአውሮፓ መሣሪያዎች የሚጫወት ባንድ ሆኑ። አሠልጣኛቸው አርመናዊው የሙዚቃ ሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ኬቮርክ በ1910ዎቹ መጨረሻ ለመንግሥቱ መዝሙር ዜማ ደረሱ።

የዚህ መዝሙር የአማርኛ ግጥም በተለምዶ ለዮፍታሔ ይሰጣል፤ የብዙ ሊቃውንት የጋራ ሥራ ነው የሚሉም አሉ። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። ዜማውን የሠሩት ከአይንታብ የተነሡ አርመናዊ፣ ግጥሙን የደረሱት ከደብረ ኤልያስ የተነሡ ደብተራ መሆናቸው የዘመኑን ሁኔታ በአንድ ሥራ ያሳያል። የግጥም ደራሲው ችግር ቀላል አልነበረም፤ የአማርኛ ቃላት በአውሮፓ የሰልፍ ምት ላይ እንዲቀመጡ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። የአማርኛ ግጥም የራሱ ምጣኔ አለው፣ የባንዱ ምት ደግሞ ለእርምጃ የተለካ ነው።

መዝሙሩ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጦር ሰፈሩና በየአደባባዩ ከ40 ዓመታት በላይ ተዘመረ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዳዊው ሥርዓት ሲያበቃ ግጥሙ በአሰፋ ገብረ ማርያም፣ ዜማው በዳንኤል ዮሐንስ በተደረሰ አዲስ መዝሙር ተተካ። በዚያ ሁሉ ጊዜ መዝሙሩን በቃሉ የሚያውቀው ሰው ሲበዛ፣ የግጥሙን ደራሲ ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር።

ሀገር ፍቅርና የጦርነቱ ዋዜማ

በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ የጣሊያን ወረራ እንደማይቀር እየታወቀ መጣ። በዚሁ ዓመት መጨረሻ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ዓላማ በንግግር፣ በግጥም፣ በመዝሙርና በጨዋታ ሕዝቡን ለመከላከል ማነሣሣት ነበር። ማኅበሩ ሕዝብ የሚሰበስበው በአደባባይ ሲሆን፣ ከዚያ የበቀለው የሀገር ፍቅር ቴአትር ዛሬም በአዲስ አበባ ይገኛል።

ዮፍታሔ በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ በብዕራቸው ተሳተፉ። በትምህርት ቤት የጀመሩት ሥራ ማለትም ዜማን፣ ግጥምንና ጨዋታን አዋሕዶ ለሕዝብ ማቅረብ አሁን የአገር መከላከያ ክፍል ሆነ። ጋዜጣ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት አገር፣ መዝሙርና ግጥም ከጋዜጣ ይልቅ ሩቅ ይሄዱ ነበር።

ስደት

ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ አዲስ አበባ ገባ። ዮፍታሔ ከአገር ወጥተው በሱዳን በስደት ኖሩ። አገር ውስጥ የቀሩት የተማሩ ሰዎች ከፍተኛ አደጋ ላይ ነበሩ፤ በተለይም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአዲስ አበባ ተጨፈጨፉ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ወጣት ምሁራን ነበሩ።

የትውልድ አገራቸው ጎጃም በእነዚያ ዓመታት ከዋናዎቹ የአርበኝነት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው ጦር አሰልፈው ተዋጉ። ሱዳን ለጎጃም ቅርብ በመሆኗ ስደተኛውና አርበኛው በመልእክተኞች ይገናኙ ነበር። የነፃነቱ ዘመቻም የመጣው በዚሁ በኩል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ።

ከነፃነት በኋላ

ዮፍታሔ ከነፃነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በመንግሥት ሥራና በድርሰት ቀጠሉ። ከዚህ ዘመን ሥራዎቻቸው ይበልጥ የሚታወቀው «አፋጀሽኝ» ነው። ተውኔቱ የወረራውን ዘመን መከራ፣ የአርበኞችን ተጋድሎና የባንዶችን ክህደት በምሳሌ ያቀርባል። ጉዳዩ በወቅቱ ትኩስ ቁስል ነበር። በዱር የቆዩት አርበኞች፣ ከስደት የተመለሱትና ከጠላት ጋር ያደሩት ሰዎች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ መሥሪያ ቤት ተገናኝተው ነበር። ማን ለአገሩ ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ ሹመትንም ክብርንም የሚነካ ስለሆነ፣ ይህን ወደ መድረክ ማውጣት ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በድንገት ዐረፉ። ዕድሜያቸው 52 ዓመት ገደማ ነበር። በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት እርሳቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለቴአትር የተሠራ ትልቅ አዳራሽ፣ ደመወዝተኛ ተዋናይና ቋሚ የሙዚቃ ክፍል የመጡት መንገዱን ከጠረጉት ሰው ዕድሜ በኋላ ነው።

የሥራዎቻቸው ዕጣ

ዮፍታሔ የጻፉት ብዙ ሆኖ ሳለ በሕይወታቸው ዘመን በመጽሐፍ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ጥቂት ነው። ተውኔቱ የሚጻፈው ለመድረክ፣ መዝሙሩ የሚደረሰው ለተማሪ፣ ግጥሙ የሚነገረው ለዕለቱ ነበር። የወረራው አምስት ዓመት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችል የነበረውን ጽሑፍ በተነ። ቅኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልፍበት የማኅሌት ልማድ በመድረኩም ላይ ቀጠለ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ማኅሌቱ ነገም ሌላ ባለቅኔ ሲኖረው፣ ለጋው ቴአትር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነበው ነገር ማጣቱ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሁሉ የበለጠ የደከሙት ገጣሚውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ ናቸው። ዮሐንስ ከቤተሰብ፣ ከቀድሞ ተማሪዎችና ከተበታተኑ ወረቀቶች መረጃ ሰብስበው የዮፍታሔን የሕይወትና የጽሑፍ ታሪክ አዘጋጁ። ጥናቱ መጽሐፍ ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ከዮሐንስ ሞት በኋላ ነው። ዛሬ ስለ ዮፍታሔ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ነው።

በኢትዮጵያ የቴአትርና የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የዮፍታሔ ቦታ ሁለት ጎን አለው። አንደኛው፣ የአገር ውስጥ ትምህርት ያለ ውጭ አገር ሥልጠና ዘመናዊ መድረክን ሊሸከም እንደሚችል ማሳየታቸው ነው፤ ማኅሌቱን በከበሮ ምት የሚመራ ሥርዓት የተማሩ ሰው የተማሪዎችን መዝሙርና ጨዋታ ለመምራት ዝግጁ ነበሩ። ሁለተኛው፣ ዘፈንና ጨዋታ የሚያሳፍር ሥራ ሳይሆን ለአገር የሚጠቅም አገልግሎት መሆኑን በማዕረጋቸውና በስማቸው መመስከራቸው ነው። ከእርሳቸው በኋላ በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የቆሙት ተዋንያንና ድምፃውያን ያገኙት ክብር ከዚህ ጅምር ጋር የተያያዘ ነው።